አዛዥ በሌለው መረብ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዴት ይመራል?

በአንድ መስሪያ ቤት የሚገኝ የኮምፒውተር ስርዓት ሲሻሻል ውሳኔውን የሚሰጥ ኃላፊ፣ ደብዳቤውን የሚያወጣ ክፍልና ስራውን የሚያከናውን ባለሙያ ተለይተው ይታወቃሉ፡፡ ቢትኮይንና ኢቴሪየምን የመሳሰሉ የብሎክቼይን መረቦች ግን እንዲህ ያለ የዕዝ ሰንሰለት የላቸውም፡፡ መዝገቡ በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙና አንዱ ሌላውን በማያውቁ ሰዎችና ድርጅቶች እጅ ባሉ በሺህዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ በቅጂ የሚያዝ በመሆኑ፣ አዲስ ሶፍትዌር እንዲጫን ማንም ማንንም ማዘዝ አይችልም፡፡

ችግሩ ፈቃደኝነትን በመጠየቅ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፡፡ እነዚህ ኮምፒውተሮች፣ በዘርፉ አጠራር ኖዶች፣ የሚቀበሉትን እያንዳንዱን የግብይት ጥቅል ወይም ብሎክ በራሳቸው ደንብ ይመረምራሉ፡፡ ደንቡ ሲለወጥ ግማሾቹ በአዲሱ ግማሾቹ በአሮጌው ከቀጠሉ አንዱ ወገን ትክክለኛ ያለውን ብሎክ ሌላው ውድቅ ያደርገዋል፡፡ በዚህም መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ሰው በአንደኛው መዝገብ ላይ የከፈለውን ገንዘብ በሌላኛው ላይ እንዳልከፈለ ሆኖ ደግሞ ሊያወጣው ይችላል፡፡

ይህ አደጋ እ.ኤ.አ. በማርች ወር 2013 በቢትኮይን ላይ ደርሷል፡፡ በወቅቱ 0.8 የተሰኘው አዲስ የሶፍትዌር እትም የመረጃ ቋቱን ዓይነት ለውጦ ነበር፡፡ ደንብ ለመለወጥ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አሮጌው የመረጃ ቋት በአንድ ጊዜ ሊያስተናግደው በሚችለው የስራ መጠን ላይ ማንም ያላስተዋለው ገደብ ነበረበት፡፡ በ225430ኛው ብሎክ ላይ ከዚህ ገደብ ያለፈ ብሎክ ሲመጣ አዲሱ እትም ተቀበለው፣ አሮጌው ግን ጣለው፡፡ መረቡም ለሁለት ተከፈለ፡፡

በሰዓታት ውስጥ አዘጋጆቹና የማይኒንግ ማህበራት አስተዳዳሪዎች በኢንተርኔት የውይይት መስመር ተገናኝተው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፡፡ አብዛኛው የማይኒንግ አቅም በአዲሱ እትም ላይ ቢሆንም፣ በርካታ ተጠቃሚዎችና ነጋዴዎች ገና በአሮጌው ላይ ስለነበሩ ወደ ኋላ መመለስ ተመረጠ፡፡ በአዲሱ ወገን የነበሩት ማህበራት ሶፍትዌራቸውን ወደ 0.7 ሲያወርዱ እስከዚያ ያመረቱት ብሎክ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ይከፈል ከነበረው 25 ቢትኮይን ጋር ተሰረዘባቸው፡፡ የጋራ መዝገቡ ዋጋ ካጣ የእነርሱም ገቢ ዋጋ እንደሚያጣ በመረዳታቸው ጉዳቱን ተቀብለዋል፡፡ ክፍፍሉ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ሲሆን፣ 10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሚያወጣ አንድ ክፍያ በሁለት መዝገቦች ላይ በሁለት መንገድ ተመዝግቦ ተገኝቷል፡፡

ከዚያ ወዲህ በቢትኮይን የተለመደው አሰራር ማሻሻያው ከመጽናቱ በፊት ዝግጁነትን መቁጠር ነው፡፡ ማይነሮች በሚያመርቱት ብሎክ ውስጥ ዝግጁ መሆናቸውን የሚገልጽ ምልክት ያኖራሉ፡፡ ታፕሩት በተባለው ማሻሻያ 2016 ብሎኮችን በያዘ አንድ ወቅት ውስጥ 90 በመቶው ምልክቱን መያዝ እንዳለበት ተወስኖ ነበር፡፡ ይህ መጠን እ.ኤ.አ. በጁን ወር 2021 ተሟልቷል፡፡ ደንቡ ስራ ላይ የዋለው ግን ኖቬምበር 14 ቀን 2021 በ709632ኛው ብሎክ ላይ ነው፡፡ በመካከሉ ያሉት ወራት የተተዉት ዘግይተው የሚጭኑት እንዲደርሱ ነው፡፡ ስምምነት ያልተገኘበት ጊዜ ውጤቱ የተለየ ነው፤ ኦገስት 1 ቀን 2017 የብሎክ መጠን እንዲያድግ የጠየቀው ወገን ተነጥሎ ቢትኮይን ካሽ የተባለውን ሌላ መረብ መስርቷል፡፡

ኢቴሪየም በበኩሉ በምልክት ቆጠራ ሳይሆን በቀጠሮ ይሰራል፡፡ የመረቡን ሶፍትዌር የሚያዘጋጁት በርካታ ራሳቸውን የቻሉ ቡድኖች በመሆናቸው፣ የለውጥ ሃሳብ በጽሁፍ ቀርቦ ለሁሉም በተከፈተ መደበኛ የኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ይመረመራል፡፡ በስብሰባው ድምጽ አይሰጥም፤ ጠንካራ ተቃውሞ እስከማይቀር ድረስ ይወያያሉ፡፡ ከዚያም ለውጡ በሙከራ መረቦች ላይ ተራ በተራ ይፈተሽና ዋናው መረብ የሚሸጋገርበት ቁጥር በሶፍትዌሩ ውስጥ ይጻፋል፡፡ ቁጥሩ ሲደርስ ሁሉም ኮምፒውተሮች ማንም ሳይነግራቸው በአንድ ቅጽበት አዲሱን ደንብ ይጀምራሉ፡፡

የዚህ አሰራር ደካማ ጎን ኮንስታንቲኖፕል በተሰኘው ማሻሻያ ላይ ታይቷል፡፡ ማሻሻያው በጃንዋሪ ወር 2019 አጋማሽ በ7080000ኛው ብሎክ ላይ እንዲጀምር ተቀጥሮ ሳለ፣ ቀጠሮው ሊደርስ ሲቃረብ ቼይንሴኪዩሪቲ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ከለውጦቹ አንዱ ገንዘብ ለመስረቅ በር ሊከፍት እንደሚችል አስታወቀ፡፡ አዘጋጆቹ ማራዘምን መረጡ፡፡ ሆኖም ቁጥሩ አስቀድሞ በተጫነው ሶፍትዌር ውስጥ ተጽፎ ስለነበር መሰረዝ ራሱ ሌላ ማሻሻያ ሆነ፤ ማሻሻያውን ተቀብሎ የጫነ ሁሉ ቁጥሩ ከመድረሱ በፊት እንደገና አዲስ እትም መጫን ወይም ወደ ቀድሞው መመለስ ነበረበት፡፡ ትጉህ የነበረው ኦፕሬተር ባለዕዳ ሲሆን፣ ቸል ብሎ አሮጌውን ይዞ የቆየው ምንም ማድረግ አላስፈለገውም፡፡ ማሻሻያው በመጨረሻ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ተፈጽሟል፡፡

ቸልተኝነት ሁልጊዜ እንዲህ አያተርፍም፡፡ ኖቬምበር 11 ቀን 2020 ለብዙ ድርጅቶች የመረብ አገልግሎት የሚያቀርበው ኢንፉራ አሮጌ እትም ይጠቀም ስለነበር ከተቀረው መረብ ተለይቶ ቀረ፡፡ ስህተቱ ከወራት በፊት ታርሞ የነበረ ቢሆንም፣ አጥቂዎች እንዳይጠቀሙበት በሚል በይፋ አልተነገረም ነበር፡፡ ምክንያቱ ያልተነገረውን ማሻሻያ ማዘግየት የቻለው ድርጅት አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ ባይናንስን የመሳሰሉ የልውውጥ ድርጅቶች የኢቴሪየም ወጪ ክፍያ ለጊዜው እስከማቆም ደርሰዋል፡፡ ሚስጥር በመጠበቅና በወቅቱ በማሳወቅ መካከል ያለው ይህ አስቸጋሪ ምርጫ እስከ ዛሬ ሙሉ መፍትሄ አላገኘም፡፡

በሌላ በኩል በ2021 የተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ ከኢትዮጵያ የትምህርት ሚኒስቴር ጋር የተደረሰው ስምምነት የተመሰረተበት ካርዳኖ የተባለው መረብ ዝግጁነትን በሶስት መስፈርት ይለካል፡፡ ለጁን 2022 ታቅዶ የነበረው ቫሲል የተሰኘ ማሻሻያው ከተራዘመ በኋላ፣ 75 በመቶ የሚሆነው ብሎክ በአዲሱ እትም እስኪመረት፣ 25 ያህል የልውውጥ ድርጅቶችና ዋና ዋናዎቹ አገልግሎቶች እስኪዘጋጁ ተጠብቆ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2022 ተፈጽሟል፡፡ የብሎክ አምራቾች መዘጋጀት ብቻውን በቂ አለመሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የልውውጥ ድርጅት ወደ ኋላ ከቀረ ተገልጋዩ ይቸገራልና፡፡

እስካሁን ከተካሄዱት ሁሉ ከባዱ ኢቴሪየም ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ከማይኒንግ ወደ ተቀማጭ ዋስትና የተሸጋገረበት ማሻሻያ ነው፡፡ ለዚህ ሲባል በዚያው ዓመት ከጁን እስከ ኦገስት በሶስት የሙከራ መረቦች ላይ ልምምድ ተደርጓል፡፡ ወሳኙ ቁጥርም የብሎክ ተራ ሳይሆን የተከማቸ የስሌት ጉልበት መጠን እንዲሆን ተደርጓል፤ በጥቂት ጉልበት የተሰራ ሀሰተኛ ሰንሰለት ቀድሞ እንዳይደርስ ነው፡፡ ሽግግሩ መረቡ ሳይቆም ተጠናቆ የኃይል ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል፡፡

ልምምድ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይሰምርም፡፡ ፔክትራ የተባለው ማሻሻያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ሆሌስኪ በተሰኘው የሙከራ መረብ ላይ ሲጀመር፣ በብዙኃኑ ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ አድራሻ በስህተት በመዋቀሩ አብዛኞቹ አረጋጋጮች የተሳሳተውን ሰንሰለት ተከተሉ፡፡ የሙከራ መረቡ መዝገቡን ለማጽናት ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል፡፡ ሁለተኛው ሙከራም በማርች ወር ሌላ እክል ገጥሞታል፡፡ አዘጋጆቹ ቀጠሮውን ለማስከበር ከመቸኮል ይልቅ ሁዲ የተባለ አዲስ የሙከራ መረብ አቋቁመው ልምምዱን ከደገሙ በኋላ ፔክትራ ሜይ 7 ቀን 2025 በዋናው መረብ ላይ ስራ ጀምሯል፡፡