የአንገት እብጠትና የተሸሸገው ምንጩ

የዛሬው ጉዳያችን በቤተሰብ መካከል በግልጽ የማይነሣ ነው። ሆኖም የአንሷር ሴቶች ዲናቸውን ከመጠየቅ ሐያእ እንዳላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አወድሰዋቸዋል፤ እኛም በጤና ነገር ዝም አንልም።

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ አንድ ወጣት ወገቡን ሲያመው «ኩላሊት ነው» ይባላል፤ አንገቱ ላይ ሲያብጥ «ቲቢ ነው»። ቲቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ግን ሁለቱም የሚመጡት ማንም ካልጠረጠረው ቦታ፣ ከዘር ፍሬ ካንሰር ነው። ይህ ካንሰር በይበልጥ የሚታየው በወጣቶች ላይ ነው።

ፍሬው ከታች ሆኖ ሕመሙ ለምን ወገብ ላይ ይሰማል? ፅንሱ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬው የሚፈጠረው ኩላሊት አጠገብ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ኋላ ነው። የደም ሥሩና የሊምፍ መስመሩ ግን ከመነሻ ቦታው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ሱብሓነላህ! ስለዚህ ካንሰሩ ሲሰራጭ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከሆድ በስተኋላ፣ ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ነው፤ ከዚያም ሳንባ ይደርሳል። ከተለመደው ሲወጣ ወደ አንጎል፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንትም ይሄዳል። ብሽሽት ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ሲል በዚያ አካባቢ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ላይ ነው፤ ቢላዋ የሊምፉን መንገድ ያስቀይራልና። ሐኪሞች የታመመውን ፍሬ ከረጢቱን ቀደው ሳይሆን በብሽሽት በኩል የሚያወጡት ለዚህ ነው። እብጠቱን በምላጭ ማስበጣትማ ከቶ አይሞከር!

ከሁሉ የሚያስገርመው፣ አንዳንዴ ዋናው ዕጢ ከስሞ ጠባሳ ብቻ ሲቀር የተሰራጨው ሆድ ውስጥ ማደጉ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ «ልብስህን አውልቅ» ሲል፣ «ያመመኝ አንገቴ ነው» ብሎ መከልከል ምንጩን መሸሸግ ነው። ዑለማዎች ለሕክምና ሲያስፈልግ፣ በሚያስፈልገው መጠን ዐውራ መግለጥን ፈቅደዋል፤ ወንዱን ወንድ ሐኪም ቢያየው ይመረጣል።

ተሰራጨ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያና ዶክተር ሎረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ጋር ቀላቅለው መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ሰውነት ውስጥ ከተሰራጨባቸው ሕሙማን እንኳ አብዛኞቹ ይድናሉ። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996 እ.ኤ.አ. በ25 ዓመቱ ሆዱ፣ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶበት ድኗል። (ድሎቹን ኋላ መነጠቁ ሌላ ነገር ነው።)

ፍሬው ላይ ሕመም የሌለው ጠጣር ነገር የተሰማው ወጣት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። ሆሳዕና ውስጥ በሀዲያዋ ልጅ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተጠራው ሆስፒታል አለ፤ ለካንሰር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል። እናቶችም ሕፃኑ ሲገረዝ ሁለቱም ፍሬዎች መውረዳቸውን ያስዩ፤ ያልወረደ ፍሬ ኋላ ለዚህ ካንሰር ይበልጥ ስለሚጋለጥ፣ እስከ 6 ወሩ ካልወረደ ሐኪም ይየው።