ሶፋው ላይ የተቀመጠው አባት

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ከመኝታ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ሥራ እያከፋፈለች ነበር። “አንቺ እናት ነሽ፤ ወጥ ትሠሪያለሽ። አንተ አባት ነህ፤ ሶፋ ላይ ቁጭ በል” አለች። ልጁ “እኔም መሥራት እፈልጋለሁ” ቢላት “አይሆንም! አባት እስኪቀርብለት ነው የሚጠብቀው” ብላ ቁርጥ አደረገችው።

ገረመኝ። በእኛ ቤት ሽሮ የሚሠራው አባቷ ነው። እኔ አምሽቼ ስገባ ራቷን አብልቶ፣ የቤት ሥራዋን አሠርቶ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። ታዲያ ይህን አባት ከየት አመጣችው? ጠርቼ ጠየቅኋት። “ቲቪ ላይ ነዋ ማሚ! አንቺ የሠራሽው” አለችኝ።

እውነቷን ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት ለአንድ የምግብ ዘይት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ጽፌ ነበር። እናት ወጥ ታማስላለች፤ ሴት ልጇ ሽንኩርት ታቀብላለች፤ አባትና ወንድ ልጅ ሳሎን ውስጥ ኳስ ያያሉ። በመጨረሻ ምግቡ ሲቀርብ ሁሉም ይስቃል። ሴትን ዝቅ ላድርግ ብዬ አልጻፍኩትም። ጊዜው አጭር ስለሆነ ተመልካች ወዲያው የሚለየውን ቤተሰብ ማሳየት ይቀላል ብዬ ነው። ግን ተደጋግሞ የታየው 30 ሰከንድ፣ ልጄ በየቀኑ የምታየውን የገዛ አባቷን አሸነፈው።

“ወንድ ናት!”

ነገሩ ከቴሌቪዥን በፊት ንግግራችን ውስጥ አለ። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለውን ተረት ዛሬ ብዙዎቻችን አንቀበለውም። ደፋር ሴት ስናይ ግን “ወንድ ናት!” እንላለን። ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን ጀግንነቱን ለወንድ ሰጥተን ለሴቷ በውሰት ማልበስ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ጦር አስከትለው ሲዘምቱ፣ መቀሌ ላይም የጠላት ጦር የሚጠጣውን ውኃ የማስያዝ ብልሃት ሲያመጡ ወንድ መሆን አላስፈለጋቸውም።

ሰብለና ሂሩት

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ሰብለ ወንጌልን አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል እየመረጡ ያለ ትዳር አስቀሯት። ደራሲው የተቹት ይህንኑ ሥርዓት ነው። እኛ ግን መጽሐፉን ስናነሳ ስለ ሰብለ ውበትና ስለ በዛብህ ፍቅር አውርተን እናበቃለን። ፍላጎቷን ማንም ሳይጠይቃት ያለፈውን ዕድሜዋን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም “ድፍረት” ሌላ መንገድ ያሳያል። ሂሩት የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን ትገድላለች። በፍርድ ቤት የሚቆምላት ወንድ ጀግና አይደለም፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት። ታሪኩ ከእውነተኛ ክስ የተነሳ ሲሆን፣ እውነተኛዋ ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ታሪክ አይታ ያደገች ልጅ፣ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት “አንቺ ዳኛ ነሽ” ማለት አይከብዳትም።

ሦስት ጥያቄዎች ለሳሎናችን

ቴሌቪዥኑን እንዝጋ እያልኩ አይደለም፤ እንጀራዬም ነው። አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክደል በ1985 እ.ኤ.አ. በሥራዋ ያቀረበችው ቀላል መመዘኛ አለ። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ? እርስ በርሳቸው ያወራሉ? የሚያወሩትስ ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር ነው? ከልጆችዎ ጋር የሚወዱትን ተከታታይ ድራማ ሲያዩ ይሞክሩት። እኛ ቤት ጨዋታ ሆኗል፤ ልጄ በጣቷ ትቆጥራለች። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንወድቃለን።

የሥራ ባልደረቦቼንም አነጋገርኩ። እንግሊዝ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎጂ የጾታ አመለካከት የሚያሳዩ ማስታወቂያዎችን መከልከሏን አነሳሁ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያዝረከርክ ሴቷ ብቻ ስታጸዳ ማሳየት ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። ለቀጣዩ ማስታወቂያ አባትና ልጅ ራት ሠርተው እናት ከሥራ ስትገባ የሚያሳይ ጽሑፍ አቀረብኩ። “ዘይት የምትገዛው እናት ናት፤ ሰው ይስቅብናል” ተባልኩ። ለእኛ ቤት ዘይት የሚገዛው ባለቤቴ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ የተቀበሉኝ ግማሹን ነው፦ አባት ሽንኩርት ይከትፋል፤ ወጡን የምታማስለው ግን አሁንም እናት ናት።

ማስታወቂያው ሲተላለፍ ከልጄ ጋር አየነው። ዝም ብላ አይታ ጨረሰችና “ማሚ፣ ይሄኛው አባት ውሸቱን ነው” አለች።

ደነገጥኩ። “ለምን?”

“አባቢ ሽንኩርት ሲከትፍ ያለቅሳላ!”

ያን ቀን ማስታወቂያውን የመዘነችው በገዛ ቤቷ ነው።