ሳይደርሱ የቀሩ ሕዋሳት

ጤናማ ሕጻን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ48 ሰዓት፣ ጥቁርና ዝልግልግ የሆነውን የመጀመሪያ ካካውን ያወጣል። ፉሪ አካባቢ የምትኖር ወላድ ግን ብዙውን ጊዜ ቀን ሳይሞላት ከጤና ተቋም ወጥታ ቤቷ ትገባለች፤ ስለዚህ የሕጻኑን ጨርቅ የምትቀይረውና ለውጡን የምታየው እሷ ራሷ፣ ወይም አራስ ልትጠብቅ የመጣችው እናቷ ናት። ካካው ሲዘገይና ሆዱ ሲነፋ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ ቁርጠት ነው፣ ብርድ መቶታል፣ የእናቱ ወተት አልተስማማውም። ቅቤ ይልሳል፣ የጤና አዳም ውሃ ይሰጠዋል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ከሚበላው ወይም ከምታጠባው ይፈለጋል። አብዛኞቹ ሕጻናት በእርግጥ ምንም አይሆኑም። በጥቂቶቹ ላይ ግን ነገሩ የተበላሸው ከመወለዳቸው ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ቅቤውም ጤና አዳሙም የሚደርሱበት አይደለም።

የአንጀት ግድግዳ የራሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ብዛታቸው በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል። አንዱ መረብ በጡንቻዎቹ መካከል፣ ሌላው ወደ ውስጠኛው ሽፋን ቀረብ ብሎ ተዘርግቶ፣ አንጀቱ የቱ ጋ መኮማተር፣ የቱ ጋ መላላት እንዳለበት ይወስናሉ። «ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከአንጎል የሚወርዱ ነርቮች እንዳሉ አይካድም፤ ሥራውን ያፋጥናሉ ወይም ያዘገያሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1899 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ወደ አንጀት የሚገቡትን ነርቮች ቆርጠው ሲመለከቱ፣ አንጀቱ ከላይ እየተኮማተረ፣ ከታች እየላላ የያዘውን ወደ ፊት መግፋቱን አላቋረጠም። ከእንስሳ አካል ተቆርጦ በዕቃ ውስጥ የተቀመጠ አንጀት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። ከዚህ የሚከተለው ከባድ ነገር ነው፤ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ከሌሉ አንጎል ሊተካቸው አይችልም።

ሕዋሳቱ ግን የተፈጠሩት እዚያው አንጀት ውስጥ አይደለም። ጽንሱ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሞላው፣ ወደፊት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ይዘጋል፤ በዚያው ሰሞን ከቱቦው ጠርዝ ተላቀው የሚሰደዱ ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ ስደተኞች ገሚሶቹ የፊት አጥንት፣ ገሚሶቹ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳት ይሆናሉ። የአንጀት ነርቮችም ከዚሁ ወገን መሆናቸውን አጥርታ ያሳየችው ፈረንሳዊቷ ኒኮል ለ ዷረን ናት። የድርጭት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኒውክለሱ ከዶሮ ሕዋስ ይለያል። እሷም ይህን ልዩነት እንደ ምልክት ተጠቅማ ከድርጭት ሽል የወሰደችውን የነርቭ ቱቦ ቁራጭ በዶሮ ሽል ላይ ተከለች፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ሥራም አብዛኞቹ የአንጀት ነርቮች ከአንገት አካባቢ እንደሚነሱ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከጀርባው ታችኛ ጫፍ መጥተው በአንጀቱ መጨረሻ እንደሚቀላቀሏቸው አሳየች። በሰው ጽንስ ከአንገት የተነሱት በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ወደ ላይኛው አንጀት ይገባሉ፤ በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ መጨረሻው ላይ ይደርሳሉ።

የጉዞው ችግር ርቀቱ ብቻ አይደለም። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የተነሳ ባቡር በየጣቢያው ተሳፋሪ እያወረደ፣ ሐዲዱም እሱ እየሄደ ሳለ እየረዘመበት፣ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ግን ሰው ሞልቶ እንዲደርስ ቢታዘዝ ምን ያደርጋል? መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ በመንገድ ላይ መባዛት አለባቸው። ሕዋሳቱም ይህንኑ ያደርጋሉ። ግንባር ላይ ያሉት እየተከፋፈሉ ወደ ባዶው ቦታ ይገፋሉ፤ ሲነሱ ቁጥራቸው ካነሰ ወይም መከፋፈላቸው ከዘገየ ጫፉ ሳይደረስ ይቀራል። አንጀቱም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ጂዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ከፊታቸው እያመነጨ ይስባቸዋል፤ እነሱም በላያቸው ባለው ሬት በተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ምልክቱን ያነባሉ። ኢንዶቴሊን 3 የተባለው ሌላ ምልክት ደግሞ ያለጊዜያቸው እንዳይበስሉ ይይዛቸዋል። በስሎ ነርቭ የሆነ ሕዋስ መጓዙን ያቆማልና።

ሳይደርሱ ሲቀሩ የሚመጣው በሽታ በዴንማርካዊው የሕጻናት ሐኪም በሃራልድ ሂርሽፕሩንግ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1886 ሁለት ሕጻናትን ገልጾ ሲያቀርብ ትኩረቱን የሳበው እጅግ ያበጠው ትልቁ አንጀት ነበር፤ ለስልሳ ዓመት ያህልም ብዙ ሐኪሞች የታመመው እሱ ነው ብለው አመኑ። ያበጠው ግን ጤነኛው ክፍል ነው፤ ያበጠውም ከታች የተዘጋበትን ሲገፋ ነው። በሽተኛው ከሥሩ ያለው፣ ሲያዩት ምንም ያልሆነ የሚመስለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ነርቭ ስለሌለው ላልቶ አያሳልፍም። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኦርቫር ስዌንሰን እ.ኤ.አ. በ1948 ይህን ነርቭ የለሽ ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ጤነኛውን እስከ ፊንጢጣ ስቦ የማገናኘት ቀዶ ሕክምናን አሳተመ። የዛሬዎቹ ዘዴዎች የዚያ ልጆች ናቸው። ከአምስት ሕመምተኞች በአራቱ ገደማ የጎደለው የመጨረሻው አጭር ክፍል ብቻ መሆኑም የጉዞውን አቅጣጫ ይመሰክራል፤ ባዶ የሚቀረው ዘወትር የመንገዱ መጨረሻ ነው።

«በዘር የሚመጣ ከሆነ ምን ይደረጋል?» የሚለው ሙግት ጠንከር ያለ ነው። የሬት ጂን ጉድለት ከበሽታው ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. በ1994 ታውቋል፤ በቤተሰብ ከሚተላለፈው ግማሽ ያህሉ ከዚሁ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት የጂን ጉድለት ካላቸው ወንድምና እህት አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አጭሩን ዓይነት ወንዶች ከሴቶች አራት እጥፍ ይታመሙበታል። ስለዚህ ጂኑ ብቻውን አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት፣ ቫይታሚን ኤ በተነፈጉት ጽንሶች ሕዋሳቱ የአንጀቱ መጨረሻ ላይ ሳይደርሱ እንደቀሩ አሳይቷል፤ የሬት ጉድለት ሲታከልበት ደግሞ ባሰ። በሰው ላይ ይህ አልተረጋገጠም፤ አይጥ ሰው አይደለም። የቫይታሚን ኤ እጥረት የቆየ የጤና ችግር በሆነበት አገር ግን ፍንጩን ችላ ማለት አይገባም፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ማውጣቷ በዚህም ዓይን ሲታይ የሚደገፍ ነው። ከዚህ ተነስታ በራሷ ፈቃድ የቫይታሚን ኤ እንክብል የምትውጥ እርጉዝ ግን ትሳሳታለች፤ መጠኑ ሲበዛ ያው ቫይታሚን ጽንስን ያበላሻል።

ጊዜው ነው ዋናው ጣጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ጉዞው ደግሞ ከዚያ በፊት ያልቃል። እናት ማርገዟን ሳታረጋግጥ የሆነን ነገር በእሷ ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። «ከአምስት ሺህ ሕጻናት አንዱን ለሚያጠቃ በሽታ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን?» ለሚለኝ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕጻናት ይወለዳሉ፤ የዓለሙ መጠን እዚህም ከሠራ በዓመት ከ600 በላይ ናቸው። በጊዜ ከተደረሰባቸው አብዛኞቹ ይድናሉ። ካልተደረሰባቸው ታግዶ የቆየው ቆሻሻ አንጀቱን ያስቆጣና ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ይገባል፤ ሞቱም በሌላ ስም ይመዘገባል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ አንጀቱ እጅግ ስለሚያብጥ መጀመሪያ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ መውጫ ይከፈትለታል፤ ዋናው ቀዶ ሕክምና ወራት ይጠብቃል። እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ የሕጻናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በአገሪቱ ጥቂት ስለሆኑ ወረፋው ራሱ ሌላ በሽታ ነው።

ስለዚህ ወላድን የምታሰናብቱ አዋላጆችና ነርሶች፣ ከመሸኘታችሁ በፊት «ካካ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካላለ ይዛው የምትመለስበትን ሰዓት ንገሯት። ቤት ያላችሁም፣ ሕጻኑ 48 ሰዓት ሞልቶት ካላወጣ፣ ወይም ከዚያም በፊት ሆዱ ከተነፋና አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ቅቤውን ተዉና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።