የሴባስቶፖል ጥላ በጋፋት ሜዳ

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያኑን ባለ እጆች አስፍረው መድፍ ያሠሩበት ስፍራ መሆኑን ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ሴባስቶፖልን አይቼ ልመለስ ብሎ ጋፋት የሄደ ሰው ሜዳውን እንጂ መድፉን አያገኝም። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቷልና፤ ዛሬም ያለው እዚያው ነው።

የዘመናችን የእጅ ስልክ ግን መድፉን ወደ ተሠራበት ሜዳ ሊመልሰው ይችላል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ጥበብ ካሜራው በሚያሳየው በእውነተኛው ሜዳ ላይ በኮምፒዩተር የተሠራ ምስል ይደርባል። ቅርጹን መሥራት ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። መድፉ ጥላ ከሌለው ሣሩን ሳይነካ እንደ ፊኛ የተንሳፈፈ ይመስላል። የዛፉ ጥላ ወደ ምሥራቅ፣ የመድፉ ወደ ምዕራብ የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ዓይኑ አያምንም።

ፖል ደበቬክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 መስታወት የመሰለ ሉል በስፍራው አስቀምጦ ፎቶግራፍ በማንሣት የዙሪያውን ብርሃን ከሉሉ ላይ ካነበበ በኋላ፣ ምናባዊውን ዕቃ በዚያው ብርሃን ማብራት እንደሚቻል አሳየ። መንገደኛ ግን ሉል ተሸክሞ አይዞርም። ስለዚህ ጉግል በ2019 ያወጣው ዘዴ ከአንዲት ጠባብ የካሜራ ምስል ተነሥቶ ዋናው ብርሃን ከየት እንደሚመጣና ከዙሪያው የሚፈሰው ለስላሳ ብርሃን ምን ያህል እንደ ሆነ ይገምታል። ብዙ ምስል እያየ የተማረ ስሌት ስለ ሆነ ካሜራው ያላየውን ሰማይ ራሱ ይሞላዋል።

የደጋው ሰማይ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከበላይዋ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ብርሃንን የሚበትነው አየር ሲሳሳ ፀሐይ ትበረታለች፤ ከሰማይ ወደ ጥላው የሚወርደው ብርሃን ይቀንሳል፤ ጥላውም ይጠቁራል። የጉና ደመና በድንገት ሲመጣ ደግሞ ጥላ ሁሉ በአንድ አፍታ ይጠፋል። ስልኩ ፈጥኖ ካልተከተለ መድፉ ብቻውን ፀሐይ ሲሞቅ ይቀራል!

ስልኩ ሰዓቱንና ስፍራውን ስለሚያውቅ ፀሐይ የት እንዳለች በሒሳብ ሊያገኝ ይችላል፤ እኛም ሰማዩ በጠራ ቀን ከካሜራው ግምት ይልቅ ይህን እናምናለን። ሆኖም የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በስተ ደቡብ ናት ብሎ የሚነሣ የአውሮጳ ሰው እዚህ ይሳሳታል። በደብረ ታቦር ከሚያዝያ 14 እስከ ነሐሴ 15 ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ናት፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሁለቱ ቀኖች አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትቆም የመድፉ ጥላ ከሆዱ ሥር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው በእኛ አስተያየት የመድፉ አፍ ነው። ብርሃን የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ስለ ሆነ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቍጥር መጨለም አለበት፤ ይህን በየቅጽበቱ ማስላት ስልኩን ስለሚያደክመው ሠሪዎቹ አስቀድመው አስልተው እንደ ቀለም ይቀቡታል። ነሐሱስ እንደ አዲስ ያብለጭልጭ ወይስ የደበዘዘ ይሁን? ጥላው በትክክል የወደቀለትን መድፍ ተማሪ ልጅ «እንዲህ ነበር» ብሎ ይቀበለዋልና ነገሩ ቀላል አይደለም። መጠኑ መቅደላ ካለው መድፍ ላይ ተለክቶ ይወሰድ፤ በግምት የተሠራው ክፍልም ግምት መሆኑ እዚያው ስልኩ ላይ ይጻፍ።