የመካው ግንበኛና የሮም ጥበብ

ሮም የሚለው ስም በግዕዝ መጻሕፍት ሲገኝ፥ አንባቢው ሁልጊዜ በኢጣልያ ያለችውን ከተማ ብቻ ማሰብ አይገባውም። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ330 ዓ.ም. ቍስጥንጥንያን ካስመረቀ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የአዲሲቱ ከተማ ሰዎችም ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ነበር፤ ዐረቦችም «ሩም» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ስለዚህ በዐረብ የታሪክ መጻሕፍት «ሩማዊ» የተባለ ሰው ከየት አገር እንደ መጣ ከስሙ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ይህ የስም ነገር በመካ ታላቅ ጥያቄ አስነሥቷል። ነቢዩ መሐመድ ትምህርታቸውን ከመጀመራቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፥ በ608 ዓ.ም. ገደማ፥ የቁረይሽ ሰዎች የተጐዳውን ካዕባ አፍርሰው እንደ ገና ሠሩት። በስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢብን ኢስሐቅ እንደ ጻፈው፥ የአንድ ሩማዊ ነጋዴ መርከብ በጂዳ ዳርቻ ተሰብሮ ነበርና እንጨቱን ለጣራው ወሰዱት፤ በመካም ቅብጣዊ አናጢ ተገኘ። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ስለ መካ የጻፈው አል አዝረቂ ግን መርከቡ የተሰበረው በሹዐይባ ነው ይላል፤ ግንበኛውንም «ሩማዊው ባቁም» ብሎ ይጠራዋል። ሹዐይባ ማለት ጂዳ በ647 ዓ.ም. በኸሊፋ ዑስማን ዘመን የመካ ወደብ እስክትሆን ድረስ መርከቦች ይቆሙበት የነበረ ስፍራ ነው። በ615 ዓ.ም. ገደማ ወደ አክሱም የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ እስላሞችም ከዚያው እንደ ተሳፈሩ ይነገራል። የአሮጌዪቱ ሮም ወታደሮችም ይህን ባሕር ያውቁት ነበር፤ ከጂዳ በስተደቡብ በፈረሳን ደሴቶች በ144 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ የተቀረጸ ጽሕፈት ተገኝቷልና።

አል አዝረቂ ግድግዳውን ሲገልጽ፥ አንድ ረድፍ ድንጋይ፥ ከዚያም አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ፥ በጠቅላላው 31 ረድፍ ሆኖ ተሠራ ይላል፤ ዐሥራ ስድስቱ የድንጋይ፥ ዐሥራ አምስቱም የእንጨት ናቸው። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ካህን ደብረ ዳሞን ሳያስታውስ አይቀርም። በዚያ ገዳም ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ ግድግዳውን ይሠሩታል፤ ወደ ውጭ ብቅ ያሉትም የእንጨት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። የአክሱም ሐውልቶችም ይህንኑ አሠራር በድንጋይ ቀርጸው ያሳያሉ። (ከነዚህ አንዱ በ1937 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ዓ.ም. መመለሱ ይታወቃል።) የእስላም ሕንጻዎችን የመረመረው እንግሊዛዊው ክሬስዌል በ1951 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ የ608ቱ ካዕባ በሐበሻ አሠራር የታነጸ ነው፥ ባቁም የተባለውም ሰው ዕንባቆም የሚባል ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም ሲል አስረዳ።

ሌሎች ደግሞ ስሙን ከቅብጣውያኑ ጳኵሚስ ጋር ያያይዙታል። ነገር ግን ፊደሉ ሊመረመር ይገባል። የጳኵሚስ ስም በዐረብኛ «ባኹም» ተብሎ በ«ኸ» ይጻፋል፤ የግንበኛው ስም ግን የተጻፈው በ«ቀ» ነው፤ ዕንባቆም በሚለው የግዕዝ ስም ያለውም ይኸው «ቀ» ነው። እንዲህም ሆኖ በአንድ ፊደል ብቻ የሰውን አገር መወሰን ድፍረት ይሆናል፤ ከስሙ ይልቅ የግድግዳው ምስክርነት ይበረታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ዕንባቆም የተባለ ሌላ ሰው ከየመን ያንኑ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፥ በደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን መብቃቱም ያስደንቃል።

ታዲያ የሮም ጥበብ በመካ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የመጣበት መንገድ ግን ቀጥተኛ አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ከአክሱም ሠራዊት ወገን የነበረው አብርሃ የመንን ሲገዛ በሰንዓ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ዐረቦች «አል ቀሊስ» ያሏት ኤክሌሲያ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። የሮም ቄሣር እብነ በረድና ሞዛይክ፥ ይኸውም ከጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር የሚገጠም ጌጥ፥ ከባለሙያዎች ጋር እንደ ላከለት አል ጠበሪ ጽፏል። በ683 ዓ.ም. መካ በተከበበች ጊዜ ካዕባ ተቃጠለ፤ በግድግዳው መካከል የነበረውም እንጨት እሳቱን አባሰው። ኢብን አዝ ዙበይር በማግስቱ ዓመት እንደ ገና ሲያሠራው፥ ከዚያች ከሰንዓ ቤተ ክርስቲያን ሞዛይኩንና ሦስት የእብነ በረድ ዓምዶችን እንዳስመጣ አል መስዑዲ ይተርካል። እንግዲህ ቄሣር ለሐበሻው ገዢ የላከው ጌጥ መካ ገባ ማለት ነው።

የዛሬው ካዕባ ከ1630 ዓ.ም. ጐርፍ በኋላ በሱልጣን ሙራድ አራተኛ ዘመን የታነጸ ስለሆነ፥ ከባቁም ሥራ በዚያ የሚታይ የለም። አሠራሩን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ተሳላሚ፥ ወንድ ከሆነ በገመድ ተስቦ ወደ ደብረ ዳሞ ይወጣል፤ ሴቶች ግን ወደዚያ አይወጡምና፥ በላስታ በዋሻ ውስጥ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተፈራርቀው የተደረደሩትን እንጨትና ልስን ይመለከታሉ።