ታናሽ ከታላቁ ጋር ሊጋጠም ይገባዋልን?

የበረዶ ላይ ሆኪ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ብርዳም ከተሞች እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ስለታም ብረት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፥ እንደ ገና ዱላ ጫፉ በቆለመመ በትር ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ወደ ግብ ይመታሉ። ልጆች የሚጋጠሙት በዕድሜ ተከፍለው ነው። ነገር ግን አንድ ቡድን እኩዮቹን ሁሉ ባሸነፈ ጊዜ አሠልጣኙም ወላጁም «ከታላላቆቹ ጋር ይግጠም» ይላሉ። ይህ አሳብ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል?

ለመጥቀሙ ምስክር አይታጣም። ዌይን ግሬትስኪ በብራንትፎርድ ከተማ ገና በ6 ዓመቱ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ተሰለፈ። ሹራቡ ስለ ሰፋው አንዱን ጎን ከሱሪው ውስጥ ይወትፈው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ያገባውም 1 ጎል ብቻ ነው። በኋላ ግን በጨዋታው ታሪክ ወደር የሌለው ስም አተረፈ። አሜሪካኖችም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ባቋቋሙት የወጣቶች ማሠልጠኛ፥ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ምርጦቻቸውን እስከ 20 ዓመት ከደረሱ ወጣቶችና ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ጋር ሲያጋጥሙ ኖረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁልጊዜ በቀላሉ የሚያሸንፍ ልጅ በጉልበቱ ስለሚመካ ማሰብን አይለማመድም። ከእርሱ የፈጠነ ሲገጥመው ግን ጎማዋ ሳትደርሰው ለማን እንደሚያቀብላት አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ ሆኪ እንደ ሩጫ ወይም እንደ ዋና አይደለም፤ ባላጋራን በትከሻ መግጨት በታላላቆች ዘንድ በሕግ የተፈቀደ ነው። በ12 እና በ14 ዓመት መካከል ደግሞ አንዱ ልጅ ጎልማሳ ሲመስል ሌላው ገና ሕፃን ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የካናዳ ጥናት ከ2,000 በላይ የሆኑ የ11 እና የ12 ዓመት ተጫዋቾችን ተከታትሎ፥ መጋጨት በተፈቀደበት በአልበርታ የደረሰው ጉዳት ካልተፈቀደበት ከኩቤክ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። ከጉዳቱም መካከል የአንጎል መናወጥ ነበረበት። ስለዚህ አሜሪካ በ2011፥ ካናዳም በ2013 ዓ.ም. በዚህ ዕድሜ መጋጨትን ከለከሉ። እንግዲህ የ12 ዓመት ቡድን መጋጨት ከተፈቀደላቸው ታላላቆች ጋር ማሰለፍ፥ ሕጉ የዘጋውን በር በጓሮ መክፈት ነው።

ሌላም የተሸሸገ ነገር አለ። የዕድሜው ክፍል የሚቈጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ፥ በጃንዋሪና በዲሴምበር የተወለዱት እኩዮች ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ያህል አለ። ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1980ዎቹ እንዳስረዱት፥ በታላላቅ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱት በርክተው ይገኛሉ። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደው ልጅ ማንም ሳይነግረው ከታላላቆቹ ጋር ሲጋጠም የኖረ ነው። ቡድኑ በሙሉ ወደ ላይኛው ክፍል ሲወጣ ሸክሙ የሚከብደው በእርሱ ላይ ነው።

መልካሙ መንገድ እያንዳንዱን ለየብቻው መመዘን ነው። በ2005 ዓ.ም. ጆን ታቫሬስ ገና በ14 ዓመቱ፥ ከ16 እስከ 20 ዓመት ላሉ ወጣቶች በተመደበው በኦንታሪዮ ሊግ እንዲሰለፍ ልዩ ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ የተሰጠው ለአንድ ልጅ እንጂ ለጓደኞቹ ሁሉ አልነበረም።

ከታላላቆች ጋር የሚደረግ ልምምድና መጋጨት የሌለበት የወዳጅነት ግጥሚያ ይብዛ፤ መጋጨት ባለበት ውድድር ግን ቡድን በጅምላ አይሰለፍ። አሠልጣኙ «ጐበዙ ይችላልን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ትንሹስ ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። ነገ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ሌሎችን ለማሰለፍ ሥልጣን የምትቀበሉ ወጣቶችም ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አትርሱት።