ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ወይስ አንድ ደህና ጠገራ?

ገንዘብን በገንዘብ መግዛት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የአሮጌ ሳንቲም ንግድ ራሱን የቻለ ገበያ ነው፤ ዋጋውንም እንደማንኛውም ሸቀጥ የሚወስነው ፍላጎትና አቅርቦት ነው። ቁጠባቸውን ከዋጋ ንረት ለማዳን ሲሉ ወደዚህ ገበያ የሚገቡ ሰዎች በቅድሚያ የሚገጥማቸው ጥያቄ አለ። ውሱን ገንዘባቸውን በብዛት ላይ ያውሉት ወይስ በጥራት ላይ?

አብዛኛው ጀማሪ ብዛትን ይመርጣል። ምክንያቱም “ያረጀ ሁሉ ውድ ነው” የሚል እምነት አለ። ጠገራ ብር ይህን እምነት ያፈርሰዋል። በላዩ የሚነበበው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ሲሆን፣ ማሪያ ትሬዛ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ተራው ጠገራ የሚያወጣው ዋጋ በውስጡ ካለው ማዕድን ብዙ አይርቅም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ የብር ማዕድን 23.4 ግራም ያህል ነው።

በአንጻሩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን 25 ሳንቲም እንመልከት። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ በኋላ ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ በሠራው ተተካ። ሁለቱም የሚያሳዩት ዓመት 1936 ዓ.ም. ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ብዙም የማይገኘውን ክቡን ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ብር አላቸው እንበል። አንደኛው ባለ 200 ብር ሳንቲሞች 50 ገዛ። ሁለተኛው በሙሉ ገንዘቡ አንድ ፊደሉና ምስሉ ያልደበዘዘ የምኒልክ ብር ገዛ። የመሸጫው ቀን ሲደርስ የመጀመሪያው ሰው 50 ጊዜ መከራከር ወይም ሁሉንም በጅምላ አርክሶ መስጠት ይኖርበታል። ነጋዴውም ተራውን ሳንቲም ከሌላ ዘንድ ስለሚያገኘው ዋጋ ለመጨመር አይገደድም። ሁለተኛው ግን የሚያስፈልገው አንድ ፈላጊ ብቻ ነው።

የሁለተኛው ሰው አደጋ ደግሞ ቀላል አይደለም። የገዛው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ሀብቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ብዛት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ርካሽና ተራ ሳንቲሞችን እያገላበጡ ማየት ዓይንን ያሠለጥናል። ጠገራው በጠርዙ ዙሪያ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ እንዳለው፣ በምኒልክ ብር ላይ ያለው አንበሳ በአንዳንዱ ዓመት ግራ በሌላው ቀኝ የፊት እግሩን እንደሚያነሣ የሚለየው ብዙ ያየ ሰው ነው። ለዚህ ትምህርት ከበጀቱ አንድ አሥረኛውን መመደብ የሚያስቆጭ አይሆንም። የቀረው ግን ለጥቂት ምርጦች ይቆይ።

ከመግዛትዎ በፊት

የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይጠቀሙ፤ ክብደቱ የጎደለ ጠገራ አጠራጣሪ ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር ለሰብሳቢ ዋጋው ያሽቆለቁላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈትጉ። ብልጭታው ገዥን ቢስብም አዋቂ ሰብሳቢ የተፈተገን ሳንቲም ከተበላሸ ይቆጥረዋል።

የአክሱም ዘመን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እነዚህ ቅርስ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከመሬት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ስለዚህ “ከገጠር አሁን የመጣ ነው” የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ገንዘብን ኪስ ውስጥ መተው ይበጃል።

ጥራትን መምረጥ ለአገራችን ገበያ አዲስ አይደለም። በጠገራው ዘመን ነጋዴው በሴትየዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በግልጽ ካልታዩት ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። ለመገበያያ እንኳ እንዲህ ከተመረጠ፣ ለዓመታት የሚቀመጥ ሳንቲም ሲገዙ ከዚያ ያነሰ መጠንቀቅ ኪሳራን መጋበዝ ነው።